ልጆቻችን ስለ ድንቅነሽ ሲጠይቁን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በስደት ምድር ልጆቻችንን ስናሳድግ ከሚገጥሙን ፈተናዎች አንዱ ስለ ሰው አመጣጥ በትምህርት ቤት የሚማሩት ነው። አንድ ልጃችን ከቅዳሴ በኋላ «ድንቅነሽ ከአዳም በፊት ነበረች?» ብሎ ቢጠይቀን «ዝም በል፣ ክህደት ነው» ብለን መለስነው። ልጁም ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም አይጠይቀንም። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነው።

ድንቅነሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር ተገኘች፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከገዛ አገራችን አፈር የወጣውን አጥንት ሐሰት በማለት እውነትን አናስከብርም።

ታዲያ ዘመኑ እንዴት ይታረቃል? አባቶቻችን ለአዳም የተሰጠውን የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ 5500 ዘመን ብለው ተርጉመውልናል። እንግዲህ የእግዚአብሔር ቀን በእኛ ሰዓት እንደማይለካ ቀድመው ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። ቁጥሩም የተስፋ ቁጥር እንጂ የአለት ዕድሜ መለኪያ እንዳልሆነ ልናስተውል ይገባል። በኦሪት ዘፍጥረትም ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ነው፤ የቀደሙት ሦስቱ ቀናት በፀሐይ መውጫና መግቢያ አልተቆጠሩም።

እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር አበጀው ስንል፣ ያበጀበት ጊዜ ቢረዝም ሠሪነቱ አይቀንስም። እያንዳንዳችንንስ በእናታችን ማኅፀን ዘጠኝ ወር ቀስ በቀስ አልሠራንምን? ሐኪም የፅንሱን እድገት ስላወቀ ፈጣሪያችን አልተሻረም። በኦርቶዶክስ እምነት ያደገው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ፍጥረትና ዝግመተ ለውጥ እንደማይጣሉ ጽፏል።

ሰው ያለ ፈጣሪ በአጋጣሚ ተገኘ የሚለውን ግን አንቀበልም፤ ይህ ከአጥንቱ የተነበበ ሳይሆን በአጥንቱ ላይ የተጨመረ ነው። ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት መሆኗን ቆፋሪ ከአፈር ውስጥ አያገኘውም። የአዳም በደልና የክርስቶስ ካሳም በዓመታት ብዛት አይናወጥም።

ስለዚህ ልጆቻችን ሲጠይቁን አንቆጣ። የማናውቀውን አናውቅም እንበል፤ መምህራንን አብረናቸው እንጠይቅ። ያን ልጅም ይቅርታ እንጠይቀው፤ ዝም ያሰኘነው ጥያቄ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳያርቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።