እውነት ተናግሮ መሸሸግ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካ ውስጥ በባቡር የተጓዘ ሰው ከፉርጎ ሲወርድ ሸሚዙ በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ላካዋና የተባለው የባቡር ኩባንያ ከዚህ ምሬት ገበያ አገኘ። ከሆቦከን እስከ ቡፋሎ የሚመላለሱት ባቡሮቹ የሚጠቀሙት ጭሱ አነስተኛ የሆነውን የፔንሲልቬንያ ጠንካራ የድንጋይ ከሰል፣ አንትራሳይትን ነበር። ማስታወቂያ ሠሪው ኧርነስት ኤልሞ ካልኪንስም ፊቢ ስኖው የምትባል ልብ ወለድ ወይዘሪት ፈጠረ። ፊቢ ነጭ በነጭ ለብሳ ትሳፈራለች፤ መድረሻዋ ላይም ቀሚሷ እንደነጣ ትወርዳለች። ሥዕሏ ከአጫጭር ግጥሞች ጋር በከተማ ትራሞች ውስጥ ተለጠፈ፤ በአጭር ጊዜም ዝናዋ ናኘ።

ማስታወቂያው አልዋሸም። አንትራሳይት በእርግጥም ከሌላው ከሰል ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይነዳል። ታዲያ እውነት የተናገረ አንደበት በዝምታው ሊጠየቅ ይገባል?

ጥያቄው ከባቡር እጅግ ይቀድማል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 አብርሃም በጌራራ ሳለ ለነፍሱ ፈርቶ ሣራ እህቱ እንደሆነች ተናገረ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ በአባት ይገናኛሉ። ሚስቱ መሆኗን ግን ሸሸገ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ሐሰትን በመቃወም በጻፈው ድርሰቱ ለአብርሃም ጥብቅና ቆሟል፦ እውነትን መሰወርና ሐሰትን መናገር ለየቅል ናቸው ይላል። በዚህ ሚዛን ፊቢም ነጻ ትወጣለች።

ይሁን እንጂ ምዕራፉ በዚያ አያበቃም። ነገሩን ያላወቀው ንጉሥ አቢሜሌክ ሣራን አስመጣት፤ የቤቱም ሴቶች ማኅፀን ተዘጋ። የዝምታው ዋጋ ዝም ባለው ሰው ላይ ሳይሆን በሌላው ላይ ወደቀ።

ፊቢም ከሰሉን ስለሚያወጡት ሰዎች ዝም ብላለች፤ የዚህስ ዝምታ ዋጋ በማን ላይ ወደቀ? እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ከ140 ሺህ በላይ የአንትራሳይት ማዕድን ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪና አጭር የሥራ ቀን ጠይቀው ሥራ አቆሙ። በጥቅምት መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሁለቱን ወገኖች ሲጠሩ የላካዋናው ፕሬዚዳንት ዊልያም ትሩስዴል ከማዕድን ማውጫዎቹ ባለንብረቶች ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ባለንብረቶቹም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር አንደራደርም አሉ። በ1911 ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺው ሉዊስ ሃይን በዚያው የከሰል ቀጠና፣ በፒትስተን፣ ሕፃናትን ፎቶግራፍ አነሣ። ልጆቹ በተደረደሩ አግዳሚዎች ላይ ጎንበስ ብለው፣ ከእግራቸው ሥር ከሚንሸራተተው ከሰል ውስጥ ድንጋዩን በእጃቸው ይለቅማሉ። ፊታቸው ከልብሳቸው እኩል ጠቁሯል። ከመንገደኛዋ ቀሚስ የራቀው ጥቁረት እነሱ ላይ አርፎ ነበር።

ማስታወቂያ ሁሉን ይዘርዝር ማለት አይቻልም ብሎ የሚሞግት ይኖራል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋበት ቦታም አለ። በ1905 ዊልያም ማኪን በኦማሃ በቤንዚን የሚሠራ ባለ ሞተር የመንገደኞች ፉርጎ መሥራት ጀመረ፤ በጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ሊቶሪና ይባል ከነበረው ጋር የሚዛመድ ዓይነት ነው። አፍንጫው እንደ ቢላ የሾለ፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቶቹ እንደ መርከብ መስኮት ክብ የሆኑ፣ የከሰል ጭስ የሌለበት ነበር። ውበቱ ዓይን ይስባል፤ ወደ ኋላ ለመሄድ ግን ሞተሩን ማጥፋትና በተቃራኒ አዟዟር እንደገና ማስነሣት ግድ ነበር። ይህን ጉድለት የማስታወቂያ ሥዕል ባይናገርም ፉርጎውን የገዛው የባቡር ድርጅት በራሱ ሐዲድ ላይ ሳይውል ሳያድር ይደርስበታል፤ ኪሳራውም የገዢው ነው።

የፊቢ ዝምታ ከዚህ ይለያል። ትኬት የቆረጠው መንገደኛ መቶ ጊዜ ቢመላለስ ከከሰል ውስጥ ድንጋይ ለቃሚውን ልጅ አያየውም። ልጁም በሽያጩ ውስጥ ቃል አልነበረውም። አውግስጢኖስ ስለ ቃል የሰጠው ፍርድ ትክክል ነው፤ የአቢሜሌክን ቤት ጉዳት ግን አያነሣም። ስለዚህ የጥንት የባቡር ማስታወቂያዎችን የሚሰበስብና የሚያጠና ሰው የፊቢን ሥዕል ሲያሳይ የ1911ዱን ፎቶግራፍ አብሮ ያሳይ፤ የላካዋና ንጽሕና ታሪክ ያለ እነዚያ ልጆች ጎዶሎ ነው።