ሲሾም ያልተናገረ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚያወራው ስለ ሆድ ነው። እኔ ደግሞ ስለ አፍ ልጠይቅ። ሥልጣን ላይ ሳለ መናገር የሚገባውን ያልተናገረ ሰው፣ ዘግይቶ ቢናገር ቃሉ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄው ለማንኛውም ሹም ሊቀርብ ይችላል። ይበልጥ የሚከብደው ግን ለዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ይመስለኛል። ሚኒስትር የሾመውን መንግሥት ቃል ቢያስተጋባ ማንም አይደነቅም፤ ሥራው ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን የቆመው እውነትን ለመፈለግ ነው ስለሚባል፣ በላዩ የተቀመጠው ሰው ሁለት ጌታ አለው። አንዱ የሾመው መንግሥት ነው፤ ሌላው ተቋሙ የቆመለት እውነት ነው። ሁለቱ የተጣሉ ቀን ለየትኛው ይደር?

ይህን ባሰብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሰው ስፔናዊው ሚጌል ደ ኡናሙኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ቢልባኦ በምትባለው የባስኮች ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲ፣ ገጣሚና ፈላስፋ ነበር። በ1891 በጥንታዊው የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ የግሪክኛ መምህር ሆነ። በ1900፣ በ36 ዓመቱ፣ ሬክተር ተባለ፤ በእኛ አጠራር ፕሬዚዳንት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሕይወቱ መሾምና መሻር ሆነ። በ1914 የትምህርት ሚኒስትሩ ከሥልጣን አነሣው። በ1924 አምባገነኑን ጄኔራል ፕሪሞ ደ ሪቬራን በመተቸቱ ፉዌርቴቬንቱራ ወደምትባል ደረቅ ደሴት ተጋዘ። ከወራት በኋላ ምሕረት ቢደረግለትም አልመለስም ብሎ ፈረንሳይ ተቀመጠ። ሄንዳይ ከምትባለው የድንበር ከተማ ሆኖ አገሩን ከማዶ እያየ ዓመታት አሳለፈ። በ1930 አምባገነኑ ሲወድቅ ተመለሰ፤ በማግስቱ ዓመት ሪፐብሊክ ሲታወጅ ወንበሩን መልሶ አገኘ። በ1934 ጡረታ ሲወጣም የዕድሜ ልክ ሬክተር ተብሎ ተሰየመ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጻድቅ ብለን እንዘጋው ነበር። አላበቃም። በጁላይ 1936 ጄኔራሎቹ በሪፐብሊኩ ላይ ሲያምፁ፣ ያ የአምባገነን ጠላት ከጄኔራሎቹ ጎን ቆመ። አገሪቱ ሥርዓት አጥታለች፣ ወታደሮቹ ሥርዓት ይመልሱላታል ብሎ አመነ። ሪፐብሊኩ በኦገስት ሻረው፤ አማፅያኑ በሴፕቴምበር መልሰው ሾሙት። በዚያው ወር ዩኒቨርሲቲው የአማፅያኑን ወገን ደግፎ ለዓለም ዩኒቨርሲቲዎች መልእክት ሲልክ ሬክተሩ እርሱ ነበር።

በዚሁ ጊዜ በሳላማንካ ሰው እየታፈሰ ይረሸን ነበር። የከተማዋ ከንቲባና የሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ካስቶ ፕሪዬቶ ካራስኮ ገና በጁላይ ተገደለ። የኡናሙኖ የቀድሞ ተማሪ፣ የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የነበረው ሳልቫዶር ቪላ በኦክቶበር መጀመሪያ ተያዘ። ወዳጁ የፕሮቴስታንት ፓስተር አቲላኖ ኮኮም እስር ቤት ነበር፤ ሚስቱ ባሌን አድንልኝ ስትል ለኡናሙኖ ደብዳቤ ጻፈችለት። ሽማግሌው ፍራንኮ ዘንድ ሄዶ ስለ እስረኞቹ ማለደ። ሰሚ አላገኘም።

ኦክቶበር 12 ቀን 1936፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በዓል ተደረገ። ኡናሙኖ የተቀመጠው ፍራንኮን ወክሎ ነበር። አብረውት የፍራንኮ ሚስት፣ የከተማዋ ጳጳስ፣ በሞሮኮ ጦርነት አንድ ዓይኑንና አንድ ክንዱን ያጣው ጄኔራል ሚያን አስትራይም ነበሩ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ባስኮችንና ካታላኖችን የስፔን ጠላቶች አድርጎ ሲያወግዝ፣ ባስኩ ሬክተር ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጥቂት ቃላት ጫረ። ወረቀቱ ያ የፓስተሩ ሚስት ደብዳቤ ነበር። በጀርባው ከተጻፉት መካከል «ማሸነፍ» እና «ማሳመን» የሚሉት ይገኛሉ። ተነሥቶም በጉልበት ማሸነፍና ሰውን ማሳመን ለየቅል መሆናቸውን ተናገረ። ጄኔራሉ ጮኸ፤ አዳራሹ ታወከ። ኡናሙኖ የወጣው በፍራንኮ ሚስት ክንድ ተደግፎ ነው።

በማግስቱ የከተማዋ ጋዜጦች የሌሎቹን ንግግር አትመው የእርሱን ዘለሉት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስሙ የሚጠቀሰው ያማረ ንግግር፣ በቦታው ያልነበረ ሉዊስ ፖርቲዮ የተባለ ስፔናዊ ስደተኛ በ1941 ለንደን ውስጥ ያቀናበረው ነው። ይህ ግን የተግባሩን ክብደት አይቀንሰውም። በእጁ የጫረው ወረቀት አለ፤ የከፈለው ዋጋም አለ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ቦታዬን ከለቀቅሁ የባሰ ይመጣል፤ በውስጥ ሆኜ የተቻለኝን ላድን» የሚለው ክርክር በየአገሩ ያለ ሹም ክርክር ነው፤ ሐሰት ነው ብዬም አልንቀውም። ኡናሙኖ ግን ሞክሮታል። በውስጥ ሆኖ ማለደ፤ ቪላ በዚያው ኦክቶበር፣ ኮኮም በዲሴምበር ተረሸኑ። በአደባባይ መናገሩም እነርሱን አላዳነም። ስለዚህ ነገሩን በውጤት ብቻ ብንመዝነው ዝምታውም ንግግሩም እኩል ባዶ ይሆናሉ።

እኔ የምመዝነው በሌላ ነው። አዲስ አበባን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የያዘው ሙሶሊኒ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ለፍራንኮ አውሮፕላን ልኳል። ጠመንጃ ከጎረቤት ይገኛል፤ ገንዘብም ይበደሩታል። «የተማረ ሰው አይቶ መርምሮ ትክክል ነው ብሏል» የሚለው ምስክርነት ግን ከዩኒቨርሲቲ በቀር ከየትም አይገኝም። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጦር የለውም። ያለው ማኅተም ነው። ኡናሙኖ ያንን ማኅተም በሴፕቴምበር አዋሰ፤ በኦክቶበር ቀማ። መቀማቱ የሚያኮራ ነው፤ ማዋሱም ይቆጠርበታል። ዘግይቶ የተነገረ እውነት በሕይወት ላሉት ይጠቅማል፤ በጁላይ ለተረሸነው ከንቲባ ግን አልደረሰለትም። አንዱ ሌላውን አያጥበውም። ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ጽፎ ማኖር ነው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ዕለት ማታ በሚያዘወትረው ክበብ ጓደኞቹ ሰድበው አስወጡት። በሁለተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 14፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጉባኤ ተሰብስቦ እምነቱን ነፈገው። የፍራንኮ የሽረት ድንጋጌ የወጣው ኦክቶበር 22 ነው። ልብ በሉ፤ ጄኔራሉ ከመሻሩ በፊት ባልደረቦቹ ሽረውታል። ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል፤ ከተማው ውስጥ ሰው እየተገደለ ነበር። ቢሆንም አንዱ ሰው የቀማውን ማኅተም እነርሱ በሁለት ቀን መልሰው አስረከቡት።

ኡናሙኖ ፖሊስ እየተከታተለው ከቤቱ ተወስኖ ቆየና ዲሴምበር 31 ቀን 1936 በ72 ዓመቱ ሞተ። ሬሳውን የተሸከሙት የፍራንኮ ወገን የሆኑት ፋላንኺስቶች ነበሩ፤ በሕይወቱ የከለከላቸውን ስም ከሬሳው ሊወስዱ።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ነጻነት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው ፕሬዚዳንቱን ማን ይሹመው ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ግማሹ ደግሞ፣ ፕሬዚዳንቱ እውነት በተናገረ በሁለተኛው ቀን በሚጠራው ስብሰባ ላይ እጁን የማያወጣው ማን ነው የሚል ነው። ድፍረት ከአንድ ሰው ብቻ የሚጠበቅበት ዩኒቨርሲቲ፣ ያ ሰው ቢናገርም ባይናገርም፣ ማኅተሙን አስቀድሞ አሳልፎ ሰጥቷል።