ከመጨረሻዋ ቁራጭ በኋላ

ባለ አንድ ሺህ ቁራጭ ሥዕል ለመገጣጠም ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ሰው አለ። ማታ ማታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ሰማዩን ከሰማይ፣ ጣሪያውን ከጣሪያ ሲያዛምድ ይከርምና የመጨረሻዋን ቁራጭ ከቦታዋ ሲያስቀምጥ እፎይ ይላል። ከዚያስ? ጨዋታው ፈረንጆቹ «ጂግሶ ፐዝል» የሚሉት ነው። ጥያቄው ተራ ቢመስልም ከሥሩ ሲፈተሽ የቆየ የሰው ልጅ ጥያቄ ይወጣዋል፤ ያለቀ ድካም ምን ይደረጋል? አንዳንዱ በሙጫ አጣብቆ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሌላው አፍርሶ ወደ ሳጥኑ ይመልሰዋል። ለሰው የሚያስተላልፈውም አለ። እያንዳንዱ ምርጫ ሥራ ለምን እንደሚሠራ የሚናገረው ነገር አለው።

ነገሩ ሲጀመር መጫወቻ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን የካርታ ባለሙያ ካርታዎችን እንጨት ላይ እየለጠፈ፣ የአገሮቹን ድንበር ተከትሎ በመጋዝ እየቆረጠ ይሸጥ ነበር። ልጆች ቁርጥራጩን መልሰው ሲገጣጥሙ ጂኦግራፊ ይማራሉ። የእንግሊዙ ንጉሥ የሣልሳዊ ጆርጅ ልጆችም በሞግዚታቸው በሌዲ ሻርሎት ፊንች አማካይነት በእንዲህ ያለ ካርታ ተምረዋል። ታላቅየው የገጠመው ካርታ እንደተጣበቀ ቢቀር ኖሮ ታናሽየው በምን ይማር ነበር? ማፍረሱም የትምህርቱ ክፍል ነበር ማለት ነው።

ሆኖም በሙጫ የሚያጣብቀውን ሰው ለመንቀፍ አልቸኩልም። አብዛኛው ድካማችን ምልክት አይተውም። የተጋገረው እንጀራ ይበላል፤ የተጠረገው ቤት ማታ ይቆሽሻል፤ የተጻፈው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀበራል። አንድ ነገር እንኳ «ይህን እኔ ሠራሁት» ብሎ ለማሳየት መፈለግ አያስነቅፍም። ችግሩ ወዲህ ነው። ሥዕሉን የሣለው ሌላ ሰው፣ የቆራረጠው ደግሞ ፋብሪካ ነው። የገጣጣሚው ድርሻ ፍለጋው ነው፤ መሳሳቱ፣ መመለሱ፣ «ይቺ ናት!» ያለባት ቅጽበት። ሙጫው ይዞ የሚያስቀረው የሌሎቹን ድርሻ ነው፤ የእሱን ግን ሊይዘው አይችልም።

ታዲያ ማፍረስ ብቻውን ይበቃል? ፈረንሳዊው ደራሲ ዦርዥ ፔሬክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው «ሕይወት፤ የአጠቃቀም መመሪያ» በተሰኘ ልቦለዱ ይህን መንገድ እስከ ጫፉ ወስዶታል። ባርትልቡዝ የተባለ ባለጸጋ ሃያ ዓመት ዓለምን እየዞረ 500 ወደቦችን በውሃ ቀለም ይሥላል፤ ሥዕሎቹን ያስቆራርጣል፤ በሌላ ሃያ ዓመት ሊገጣጥማቸውም ያቅዳል። የተገጣጠመው ሥዕል ወደተሣለበት ወደብ ተወስዶ ቀለሙ ይታጠብና ባዶ ወረቀት ይሆናል። ሰውየው 439ኛው ላይ እንዳለ ሞት ይቀድመዋል። ያን ሁሉ ደክሞ ለማንም ምንም እንዳይተርፍ ነበር የፈለገው። የእሱ ባዶ ወረቀት ለእኔ ከሙጫው የባሰ ነው።

ማስተላለፍን ያየሁት ከእናቴ ነው። ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ ውጭ አገር ያለችው እህቴ የላከችላትን የመርከብ ሥዕል ክረምቱን ሙሉ ስትገጣጥም ከረመች። ባለቀ ጊዜ እኔ ፍሬም ላስገባው ስል፣ እሷ እግሩ ተሰብሮ ቤት ለዋለ የጎረቤት ልጅ ልትሰጠው አፈረሰችው። «እኔማ ተጫወትኩበት፤ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬው ለዚህ ልጅ ምን ይረባዋል?» አለችኝ። ዛሬ እሷ የለችም። ሳጥኑም ከልጁ እጅ ወደ ማን እንደሄደ አላውቅም። ግድግዳዬ ላይ የእጇ ሥራ ቢኖር ደስ ባለኝ፤ ይህን አልክድም። ሥዕሉ አልቆ ጠረጴዛው ላይ ሳለ አርፋ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር አጣብቀው ነበር፤ ጥፋትም አይሆንብኝም። ሰው ካለፈ በኋላ የነካው ሁሉ መታሰቢያ ይሆናል። በሕይወት ሳለ ግን የሚሰጠው ነገር አለው፤ ለኔ መታሰቢያ እንዲሆን ብዬ ከእጁ ልቀማው አይገባም።

እንዲህ ያለው ቅብብል ብዙ ሰው የጠቀመበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ባደቀቃት ወቅት ሥራ ያጣው ሕዝብ በዚህ ጨዋታ ይጽናና ነበር። መድኃኒት ቤቶችና መጻሕፍት አከራዮች ሳይቀሩ ሳጥኖቹን በጥቂት ሳንቲም ያከራዩ ነበር። አንዱ የጨረሰውን ሌላው እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ማስተላለፍ ግን የራሱ ግዴታ አለው። ከመስጠት በፊት መቁጠር ያስፈልጋል፤ አንዲት ቁራጭ ጠፍታ ከሆነም ክዳኑ ላይ «999 ነው» ብሎ መጻፍ። ጉድለቱን ያወቀ ሰው ከፈለገ ይጀምረዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ያልተነገረው ግን በሦስተኛው ሳምንት ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ የሌለች ቁራጭ ሲፈልግ ያመሻል።