ወረፋ መጠበቅ የማይችል ልብ

ወረፋ ፍትሕ ነውን? ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ ማለት ደግ ሕግ ነው፤ ሀብታሙንም ድሃውንም በአንድ መስመር ያቆማልና። ዳሩ ግን ፍትሐዊ የሚሆነው የተሰለፉት ሁሉ መጠበቅ ሲችሉ ነው።

ይህን ያሳሰበኝ በሰፈራችን በብስራተ ገብርኤል የአንድ ጎረቤቴ ሕፃን ሞት ነው። ጤነኛ ነው ተብሎ ቤት ገባ፤ ለሰባተኛው ቀን ዐቂቃም በግ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ታስሯል። በአምስተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ፤ ትንፋሹ ፈጠነ፤ እግሩ ቀዘቀዘ። ሴቶቹ «ብርድ መትቶት ነው» አሉ። ሐኪም ቤት ሲደርስ የልቡ በር (ቫልቭ) እጅግ ጠቦ መፈጠሩ ታወቀ። በማግስቱ ኮልፌ ቀበርነው። (ስለ በጉ ያነሳ ሰው አልነበረም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ፅንስ በሳንባው ስለማይተነፍስ ደሙ ሳንባን አልፎ የሚሄድባት አጭር ቧንቧ አለችው። ከተወለደ በኋላ በጥቂት ቀናት ትዘጋለች። ለጤነኛ ልጅ መዘጋቷ ራሕመት ነው። ደም ከልብ የሚወጣበት በር ክፉኛ ለጠበበበት ጨቅላ ግን ያቺ ቧንቧ የሕይወት መንገዱ ናት፤ ስትዘጋ ይወድቃል። ፕሮስታግላንዲን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ቢሰጠው ክፍት ያቆያታል፤ ከዚያም በቀጭን ቱቦ የሚገባ ፊኛ የጠበበውን በር ያሰፋዋል። ጊዜው ግን የቀናት፣ አንዳንዴም የሰዓታት ነው።

በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል፣ ቀድሞ ውጭ አገር ካልተላኩ ተስፋ ላልነበራቸው ልጆች ደርሶላቸዋል፤ ውለታው አይረሳም። ሆኖም በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ለዓመታት ወረፋ ጠብቀዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ የቶንሲል መዘዝ ልባቸውን የጎዳው ናቸው። እየጠበቁ የሚሞቱም አሉ። የዚያ ጨቅላ ስም ግን መዝገብ ላይ እንኳ አልሰፈረም። መዝገቡ መቆየት የቻሉትን ብቻ ያሳየናል፤ እኛም ያየነውን ቆጥረን ችግሩ ይህን ያህል ነው እንላለን።

ታዲያ ጨቅላው ይቅደም ብንል፣ ዓመታት ለጠበቀችው ልጅ እናት ምን እንመልሳለን? በእኔ በኩል ነገ መኖር የሚችል ዛሬ ለሚሞተው ቦታ ይልቀቅ ባይ ነኝ፤ ይህን ፊቷ ቆሜ ለመናገር ግን አልደፍርም።

«ቀደር ነው» የሚሉኝ አሉ። ለሐዘንተኛ መጽናኛነቱን አልክድም። ነገር ግን ዑመር (ረ.ዐ.) ወረርሽኝ ከገባበት ሻም ሲመለሱ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ መናገራቸውን የማያውቅ ሙስሊም ማን ነው?

ደግሞስ የመጀመሪያው እርምጃ የማንንም ወረፋ አይወስድም። በኮሮና ጊዜ ያወቅናት የኦክስጅን መለኪያ ዓይነት መሣሪያ ሕፃኑ ቤት ከመግባቱ በፊት በቀኝ እጁና በእግሩ ላይ ትደረጋለች። በአሜሪካ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጨቅላ ሁሉ እንዲደረግ ይመከራል። የሚፈጀው ደቂቃዎች ነው። በእርግጥ ሁሉንም አታገኝም፤ በተለይ በግራው የልብ ክፍል ያለውን ጥበት ልትስት ትችላለች። ስለዚህ የሐኪሙ ጆሮ፣ እንዲሁም ብሽሽት ላይ የደም ምት የሚፈልግ ጣቱ፣ አሁንም ያስፈልጋል።