የሚያስቀይም ዘፈንና የሬዲዮ ኃላፊነት

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን መርጦ ይገልጣል፤ ቲያትር የሚያይም ትኬቱን ቆርጦ ይገባል። ሬዲዮ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ልብስ በሚሰፋበት ሱቅ፣ መንገደኛ በተሳፈረበት አውቶቡስ ውስጥ ሳይጠራ ይደርሳል፤ ሕፃኑም አረጋዊውም፣ ተሰዳቢውም ተሳዳቢውም አብረው ያደምጡታል። ስለሆነም በሬዲዮ የሚተላለፍ ዘፈን የሚያስቀይም ቃል ሲይዝ፣ ማን ያስቁመው? በምንስ ሚዛን? የሚለው ጥያቄ የአንድ ጣቢያ የውስጥ አሠራር መሆኑ ቀርቶ የሞራል ጥያቄ ይሆናል።

ለጥያቄው መነሻ የሚሆን አንድ አጋጣሚ ከካናዳ ይገኛል። ዳየር ስትሬትስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «መኒ ፎር ነቲንግ» የተሰኘው ዘፈን (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን የሚያዋርድ አንድ የስድብ ቃል ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። በ2010 ዘፈኑ በኒውፋውንድላንድ ከሚገኝ ጣቢያ ሲተላለፍ ከአንድ አድማጭ አቤቱታ ቀረበ። የግል ማሠራጫዎች ራሳቸው ያቋቋሙት የካናዳ የብሮድካስት ደረጃዎች ምክር ቤትም በ2011 መጀመሪያ ላይ ቃሉ ካልተቆረጠ ዘፈኑ ለአየር እንደማይበቃ ወሰነ። ይህን የተቃወሙ አንዳንድ ጣቢያዎች ያልተቆረጠውን ዘፈን ደጋግመው አሰሙ። ምክር ቤቱም ጉዳዩን በዚያው ዓመት እንደገና መርምሮ፣ የቃሉን አስነዋሪነት ሳይክድ፣ የመወሰኑን ኃላፊነት ለየጣቢያው ተወው።

የዘፈኑ ደራሲ ማርክ ኖፍለር ግጥሙን የጻፈው ኒውዮርክ በሚገኝ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በቴሌቪዥን የሚታዩትን ሙዚቀኞች እያየ ሲያማርር ሰምቶ ነው። ስለዚህ ስድቡ የዘፋኙ ሳይሆን በዘፈኑ ውስጥ የተሣለው ሰው ነው፤ ግጥሙም ተናጋሪውን ለትዝብት ያቀርበዋል እንጂ አያሞግሰውም። በሰምና ወርቅ ያደገ አድማጭ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰሙን ብቻ ይዞ ባለቅኔውን የሚከስ ዳኛ ወርቁ አምልጦታል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ያንኑ ቃል በመንገድ ላይ ከዱላ ጋር የሰማ ሰው፣ ቃሉ ሳያስበው ከሬዲዮ ሲመጣበት ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ደራሲ ልዩነት እንዲመራመር ቢጠየቅ ሸክሙ የተጫነው በተጎዳው ላይ ይሆናል። ደግሞም አንድ ጣቢያ ዘፈኑን አላሰማም ቢል ሸክላው ከገበያ አይጠፋም፤ የሚፈልገው ገዝቶ ይሰማዋል። ላለማሰማት መምረጥና እንዳይሰማ መከልከል አንድ አይደሉም። በአንጻሩ ክልከላ ያሰበውን ግብ ሁልጊዜ አይመታም። በ1984 ቢቢሲ የፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊውድን «ሪላክስ» ዘፈን አላስተላልፍም ባለ ጊዜ፣ ዘፈኑ በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥቶ አምስት ሳምንት ቆየ።

እስከዚህ ያለው ስለ ቅያሜ ነው። የሩዋንዳ ታሪክ ግን ጥያቄውን ከቅያሜ ወደ ሕይወትና ሞት ያሸጋግረዋል። በሐምሌ ወር 1993 ሥርጭት የጀመረው ራዲዮ ቴሌቪዥን ሊብር ዴ ሚል ኮሊን ወጣቱን በሙዚቃ እየሳበ በዘፈኖቹ መካከል ጥላቻን ያሠራጭ ነበር። በ1994 የሚገደሉ ሰዎችን ስምና መደበቂያ እስከ መናገር ደረሰ። በዚያ ጣቢያ ይሰሙ ከነበሩት ዘፈኖች መካከል የሲሞን ቢኪንዲ ድርሰቶች ነበሩ። ከነዚህም አንዱ፣ «ትዋሴዜሬዬ»፣ በ1987 ለሩዋንዳ ነፃነት 25ኛ ዓመት በዓል የተደረሰ ነበር።

ቢኪንዲ አሩሻ በተሰየመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኞቹ በታኅሣሥ ወር 2008 በሰጡት ፍርድ፣ ዘፈኖቹ በ1994 ሰውን ለግድያ ለማነሣሣት እንደዋሉ፣ ከመካከላቸውም የዘር ጥላቻን ለማስፋፋት የተደረሱ እንዳሉ አረጋገጡ። የ15 ዓመት እስራት የፈረዱበት ግን በዘፈኖቹ አልነበረም፤ ለግድያ ማነሣሣትን ዓላማ አድርጎ እንደደረሳቸው፣ በሬዲዮ መተላለፋቸውም የእርሱ ሥራ እንደነበረ አልተረጋገጠም። የተፈረደበት በ1994 በመኪና ላይ በተተከለ ድምፅ ማጉያ ቱትሲዎች እንዲገደሉ በመቀስቀሱ ነው።

ሁለቱ አጋጣሚዎች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ቁም ነገር ይገለጣል። የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር ይዞ የሚቀመጥ መርማሪ የካናዳውን ዘፈን ይይዛል፤ የበዓሉን ዘፈን ግን ሳይጠረጥር ያሳልፋል። በአንደኛው ቃሉ ነውረኛ፣ ዓላማው ትዝብት ነው፤ በሌላው ለበዓል የተደረሰ ግጥም ለጥላቻ ቅስቀሳ መሣሪያ ሆነ። ስለዚህ መመዘን ያለበት የቃሉ መልክ ብቻ አይደለም፤ ማን፣ በማን ላይ፣ በምን ሰዓትና ለምን ተግባር አሰማው? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ ሰዓቱን የሚለይ ማን ነው? መንግሥት ነው ለሚል፣ የሩዋንዳው የማስታወቂያ ሚኒስትር የፎስታን ሩኮጎዛ ዕጣ መልስ ይሰጣል። ሚኒስትሩ የጣቢያውን ኃላፊዎች ጠርተው አስጠንቅቀው ነበር፤ ጣቢያው ግን ከእርሳቸው የበለጠ ኃይል ያላቸው ደጋፊዎች ነበሩት። ሚያዝያ 7 ቀን 1994፣ እልቂቱ በተጀመረበት ዕለት፣ ሩኮጎዛ ተገደሉ። በሌላ ወገን፣ የፋሺስቱ ግራዚያኒ አስተዳደር በ1937 በኢትዮጵያ ካስገደላቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች ይገኙበታል፤ ጥፋታቸውም የወራሪውን መጨረሻ መናገራቸው ነበር። ኃይል ብቻውን ዳኛ ሲሆን ገዳዩን ዘፈን ያስተላልፋል፣ እውነተኛውንም ዘፋኝ ይገድላል።

ስለዚህ የመናገር ነፃነትና የሬዲዮ ኃላፊነት የሚታረቁት ለሁለት ነገሮች ሁለት ሚዛን ሲኖር ነው። ለቅያሜ የሚበቃው ክርክር ነው፤ አቤቱታው ይሰማ፣ የጣቢያው አዘጋጅም ለምን እንዳሰማ ወይም እንዳላሰማ በግልጽ ይመልስ። የካናዳው ውሳኔ ሊታረም የቻለው ምክንያቱ ተጽፎ፣ ተቃውሞውም በአደባባይ ተሰምቶ ስለነበረ ነው። ለግድያ ቅስቀሳ ግን ክርክር አይበቃም፤ ከባለሥልጣንም ከባለጣቢያም ነፃ የሆነ ሕግና ፍርድ ቤት ያስፈልጋል፤ እርሱም በጊዜው ካልደረሰ ዋጋው ጥቂት ነው። የአሩሻው ፍርድ የተሰጠው ከእልቂቱ 14 ዓመት በኋላ ነበር።