የጓዳ ቆጠራና በረካ



የጓዳችንን ዕቃ የሚከታተል አፕ መጠቀም ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ባርኮዱን በስልክ ካሜራ ያነባል፤ ዱቄት በየስንት ቀኑ እንደምንገዛ ካየ በኋላም መቼ እንደሚያልቅ ራሱ ይገምታል። (ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ በርበሬና ሽሮ ግን ባርኮድ የለውምና እኛው ካልጻፍንለት አያውቀውም።) ጥቅሙን አልክድም። ያለንን ደግመን መግዛት ቀርቷል፤ ተበላሽቶ የሚጣለውም ቀንሷል። ኢስራፍ ደግሞ የተከለከለ ነው።

ባለፈው ረመዷን ለጎረቤት ለምንልከው ሳምቡሳ የወጣውን ዱቄት ስንመዘግብ ግን "ከተለመደው ቀድሞ ሊያልቅ ነው" የሚል መልእክት መጣ። ሳህኑን የያዘው እጄ ቆም አለ። ያፈርኩት በዚህ ነው። አፑ የተበላውን፣ የተጣለውንና የተሰጠውን አይለይም፤ ለእሱ ሁሉም ጎደሎ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ቤታቸው ከቀረው ጥቂት ገብስ ለረጅም ጊዜ ይበሉ እንደነበር፣ በሰፈሩት ጊዜ ግን እንዳለቀ ተናግረዋል። ምግብን መስፈር በረካ እንደሚያስገኝ የሚገልጽ ሐዲስም አለ። ሁለቱም በቡኻሪ ይገኛሉ። ከዑለሞች ከፊሎቹ ሲያስታርቋቸው፣ የሚሰፈረው ሲሸጥና ሲገዛ ነው፤ ከጓዳ አውጥቶ ሲሰጡ መቁጠር ግን ስስትን ይጠራል ይላሉ።

ሳምቡሳው ሄደ። አፑንም አላጠፋነውም፤ ለሸመታ ይቁጠር። ለጎረቤት የወጣውን ግን ከዚያ ወዲህ አንመዘግብለትም፤ ግምቱ ከተሳሳተም ይሳሳት።