በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት ሰዎች

ወጣቶች ሆይ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በማስተዋል የሚያነብ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቆም የሚያደርግ ቃል ይገጥመዋል። እኔን ብዙ ዘመን ካስቸገሩኝ አንዱ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 መጀመሪያ የሚገኘው ነው።

ሰዎች ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ ቀርበው፣ ጲላጦስ መሥዋዕት ያቀርቡ የነበሩትን ገሊላውያን እንዳስገደላቸው አወሩለት። እርሱም በኢየሩሳሌም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ጨምሮ አነሣ። እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ የሞቱ ይመስላችኋልን? ብሎ ጠየቀና ራሱ አይደለም ሲል መለሰ። ነገር ግን ወዲያው፣ ንስሐ ካልገቡ እነርሱም እንደዚያው እንደሚጠፉ ነገራቸው።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። መከራ የኃጢአት ዋጋ ካልሆነ፣ ጠያቂዎቹን ስለ ምን ያስጠነቅቃቸዋል? የኃጢአት ዋጋ ከሆነስ፣ ስለ ምን አይደለም አለ?

እኔ ይህን የተረዳሁት በራሴ ጥፋት ነው። በ1978 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ አስተምር ነበር። በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት ዝናብ ሲያይል፣ ከአንድ ተማሪዬ ቤት በላይ የነበረው የድንጋይ ካብ ተንዶ አባቱን በተኛበት ገደለው። ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ሰዎች፣ ሟቹ በወሰን ክርክር በሐሰት ምሎ ነበርና መሐላው ያዘው እያሉ ያንሾካሹኩ ጀመር። እኔም የተማርሁ ነኝ ባዩ፣ «የእግዚአብሔር ፍርድ መች ይቀራል» ብዬ ነገሩን አጸናሁላቸው። ቀና ስል ልጁ ውሃ በጣሳ ይዞ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ውሃውን ሰጥቶኝ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት አልተመለሰም፤ ብጠይቅ ወደ ሩቅ ዘመድ መሄዱን ነገሩኝ።

ከካቡ በላይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበረ። ቦዩ በአፈርና በጥራጊ ተደፍኖ ውሃው የካቡን ሥር ሲሸረሽር ከርሞአል። መደፈኑን የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔም ጧት ማታ እየተሻገርሁት አልፍ ነበር። የሟቹን ኃጢአት ስንመረምር ሰነበትን እንጂ ዶማ ያነሣ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ክረምት ያው ጎርፍ የሌላ ሰው ቤት ግድግዳ ጣለ። ሰው ያልሞተው ቤተ ሰቡ ገበያ ውሎ ስለ ነበረ ብቻ ነው። ቦዩን የጠረግነው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የወንጌሉ ቃል ተገለጠልኝ። በመከራ የወደቀውን ሰው በኃጢአቱ ነው የሚል፣ በልቡ እኔ የቆምሁት በጽድቄ ነው ይላል። ክርስቶስ በመጀመሪያ ያፈረሰው ይህን ትምክሕት ነው። ቀጥሎም ጣታቸውን ከሙታን ላይ አንሥቶ ወደ ራሳቸው መለሰው። ንስሐ ተብሎ የተተረጎመው የግሪክኛ ቃል አሳብን መለወጥ ማለት ነው። ለሞተ ሰው ይህ ጊዜ አልፎአል፤ ለጠያቂው ግን ገና በእጁ ነው።

ይህም ትርጓሜ ከራሴ ብቻ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ፣ ተከትሎ ያለውን ምሳሌ ተመልከቱ። ሦስት ዓመት ፍሬ ያላፈራች በለስ እንድትቈረጥ ታዘዘ፤ የወይኑ ሠራተኛ ግን ዙሪያዋን ቈፍሮ ፍግ እስኪያደርግባት ድረስ አንድ ዓመት ለመነላት። በመጨረሻ ማፍራት አለማፍራትዋ አልተነገረም። እኛ በሕይወት ያለነው በዚያች በተጨመረችው ዓመት ውስጥ ነን።

የሰሊሆም ስም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደ ገና ይነሣል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኃጢአቱ የርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ብለው ጠየቁ። ጌታ የማንም አይደለም ብሎ ዓይኑን በጭቃ ቀባውና በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ ላከው። እነርሱ ምክንያት ሲፈልጉ እርሱ ሥራውን ጀመረ።

ሰው የዘራውን የሚያጭድበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ሰካራም በስካሩ፣ ሌባም በሌብነቱ ሲጎዳ አይተናል። ነገር ግን ይህ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ የሚመረምረው ሒሳብ ነው። ግንቡ በነዚያ 18 ሰዎች ላይ ስለ ምን እንደ ወደቀ ወንጌሉ አልነገረንም፤ ስለዚህ ያልተነገረንን እንደሚያውቅ ሰው አንናገር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ለቅሶ ቤት ስትገቡ ሙት ወቃሽ አትሁኑ። ካዘነው ሰው ጋር ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ስትወጡም የተደፈነ ቦይ እንዳለ ተመልከቱና ዶማ አንሡ። እኔ ያን ልጅ ይቅርታ ልጠይቀው ብዙ ፈለግሁት፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።